ድረ ገጻችንስ በማን መዝገብ ነው?



በእንጅባራ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የምሠራ ነኝ። ከመደበኛ ሥራዬ ጋር የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ እንድጠብቅ ስለ ታዘዝሁ የማቀርበው ወቀሳ ከራሴ ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያችንን ልታይ ስልኳን ብትከፍት በምትኩ የቁማር ጨዋታ ወጣባት። ማስታወቂያው የተነሣ መስሏት የምዝገባው ቀን አለፋት። ከዳንግላ ድረስ መጥታ ይህን ስትነግረኝ የምመልስላት አጣሁ።

ባለሙያ ቢመረምረው ጥፋቱ የተገኘው በአንድ የተረሳ ፕለጊን ላይ ነው። ፕለጊን ማለት በድረ ገጽ ላይ እየተቀጠለ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የእኛው የሚከፍተውን ፋይል ስም ከጎብኚው ይቀበል ኖሯል፤ አጥፊው በፋይሉ ስም ፈንታ በሩቅ ያለ የራሱን ሰርቨር አድራሻ ቢጽፍለት ያንን አምጥቶ እንደ መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። ማንም ያቀበለውን ወረቀት ሳያነብ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ቲምተምብ በተባለ፥ በብዙ የዎርድፕሬስ ድረ ገጾች ላይ ፎቶግራፍ በሚያሳንስ ፕሮግራም ውስጥ የዚሁ ዘመድ የሆነ ቀዳዳ ተገልጦ ነበር። ፕሮግራሙ የሚያምናቸው ድረ ገጾች ዝርዝር ነበረው፤ ዳሩ ግን ስማቸው በአድራሻው ውስጥ የትም ቢገኝ ያሳልፍ ነበር። ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሩቅ ፋይል እንዲህ እንዳይገባ በሩን ዘግቶ ነው የሚሰጠው። የእኛ ግን አንድ አሮጌ ፕሮግራም እንዲሠራ ሲባል ተከፍቶ ቀርቷል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የተሰነዘረ ጥቃት ማክሸፉን ሲያስታውቅ፥ «እንጅባራ ያለነውን ማን ይፈልገናል?» ተባብለን ነበር። ቀዳዳ ፈላጊው ፕሮግራም ግን አድራሻ በአድራሻ እየሞከረ ይሄዳል እንጂ ከተማ አይመርጥም።

የምቀመጥበት ወንበር እንኳ ቁጥር ተጽፎበት በንብረት መዝገብ ሰፍሯል፤ ለአንድ እሽግ ወረቀት ሞዴል 22 እፈርማለሁ። ድረ ገጹን ተቋራጩ ሲያስረክበን ግን ስንት ፕለጊን እንዳለበትና ማን እንደሚያድሰው አልተጻፈም። የእድሳት ማሳሰቢያው ለወራት ሲወጣ እያየሁ «ብነካው ይበላሻል» ብዬ የተውሁት እኔው ነኝ።

አሁን የማንጠቀምባቸውን አጥፍተናል። የቀሩት ከታደሱበት ቀን ጋር በመዝገብ እንዲሰፍሩ፥ ለእድሳትም በበጀቱ ገንዘብ እንዲያዝ ለኃላፊዬ ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ቁጥር ከተሰጠው ሦስት ሳምንት አልፎታል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእንጅባራ