የልጆቻችንን የገና ደብዳቤ ማን ይመልስ?

እኔ በምኖርበት በበርክም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሴምበር ሲገባ የሐበሻ ልጆችም እንደ ጓደኞቻቸው ለገና አባት ይጽፋሉ። አሁን ብዙው በድረ ገጽ ሆኗል። ልጁ ስሙን፣ ዕድሜውንና የሚፈልገውን ስጦታ ይሞላል፤ መልሱ ወዲያው ይመጣለታል። የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝና ነገሩን ልንገራችሁ፦ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ የልጁ ስም ይገባበታል፣ አለቀ። ልጅ ቢደሰትበት ክፋት የለውም። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የልጁ መረጃ ነው። ኮፓ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ የሚሰበስብ ድረ ገጽ በመሠረቱ አስቀድሞ የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም ለሳንታ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ሕዝብ እንዲያነባቸው ድረ ገጹ ላይ ሲያወጣ የቤተሰቡን ስምና አድራሻ ይሰርዛል፤ ስጦታ ልላክ የሚለው ሰውም ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። እንዲህ የማይጠነቀቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የልጃችሁን ሙሉ ስምና የቤት አድራሻ አትስጡ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የአንድ ወዳጄ የሰባት ዓመት ልጅ «ሳንታ አማርኛ ይችላል?» ብላ ጠየቀችው። ቀልድ አይደለም። የካናዳ ፖስታ በጎ ፈቃደኞች ለልጆች ደብዳቤ ከሠላሳ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይመልሳሉ። እኛ አካባቢ የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ታገለግላለች። ለትልልቆቹ በአማርኛ የሚጽፍ አለ። ቅዳሜና እሁድ ሀ ሁ የሚቆጥረው ልጅ ግን ለማን ይጻፍ? መልስ የሚሰጠው ከሌለ ፊደሉን ሊረሳው ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከዲሴምበር 25 እስከ ገናችን፣ ጃንዋሪ 7፣ 13 ቀን አለን። ልጁ ወረቀት ላይ በእጁ ሦስት መስመር አማርኛ ይጻፍ፤ ፎቶ አንስተን አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ላለችው አያቱ በቴሌግራም እንላክላት። ፊደል የማትቆጥር ከሆነች አጠገቧ ያለ ዘመድ ያነብላታል፣ እሷ በድምፅ ትመልሳለች። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፣ አያት ለሌላቸው የጎረቤት ልጆች በወላጆቻቸው በኩል መልስ ጻፉላቸው። ልጁ ስለ ጥርሱ መውለቅ ከጻፈ ስለ ጥርሱ መልሱለት።

ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ልሥራ ካለ፣ የልጁ የመጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃዋል፤ እያንዳንዱን መልስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያንብቡት፤ ከገና በኋላ ሁሉም ይሰረዝ። ኮዱን እኔ በነፃ እጽፋለሁ። የሚቸግረው በአማርኛ የሚመልስ ሰው ማግኘቱ ነው፤ እሱን እናንተ አምጡ።