ስክራቡ ይቆየን፣ መጀመሪያ ውኃው

ቲክቶክ ላይ ስለ ፊት አጠባበቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጉ። አንዷ ልጅ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ቧንቧው ከጎኗ እየፈሰሰ፣ ሰባት ዓይነት ጠርሙስ በተራ ትከፍታለች። መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ክሌንዘር፣ ከዚያ ስክራብ፣ ከዚያ ቶነር፣ ከዚያ እኔ የማላውቀው ነገር። ይህ ቪዲዮ የሚታየው ቦሌ ብቻ አይደለም። ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ይታያል። እናም የጋይንቷ ልጅ በስልኳ የምትማረው ቧንቧ ከፍቶ መተው ለሚችል ሰው የተሠራውን ሥርዓት ነው።

ፊት መንከባከብን የምንቅ ሰው አይደለሁም። «ሀገር በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ ሆና እናንተ ስለ ብጉር ታወራላችሁ» የሚሉ ሰዎች እንዲያውም ያበሳጩኛል። ፊቱ በብጉር የተሞላ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ያፍራል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተሸጠልን ሥርዓት ለኛ አየር፣ ለኛ ውኃና ለኛ ኪስ ይሆናል ወይ? ደግሞስ በዚያው ቤት ውስጥ ቀድሞ መታጠብ ያለበት የማን ፊት ነው?

ከስክራቡ እንጀምር። «የሞተ ቆዳ ማራገፍ» የሚባለው ቆዳ በራሱ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። የላይኛው ሽፋን በአራት ሳምንት ወይም ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይተካል። ስክራብም ሆነ እንደ ሳሊሲሊክና ግላይኮሊክ ያሉት አሲዶች ይህንን ያፋጥናሉ። ፊቱ ወዛም ለሆነና ቀዳዳው ለሚደፈን ሰው ሳሊሲሊክ አሲድ ሊጠቅም ይችላል፣ አልክድም። ግን ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ። ከተማዋ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደረቅ ብርድ አለ፣ ነፋስ አለ፣ የምድጃ ጭስ አለ፣ በዚያ ላይ ፊታችንን የምንታጠበው ብዙ ጊዜ በልብስ ሳሙና ነው። ጤነኛ ቆዳ ፒኤቹ 5 አካባቢ ሲሆን የሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል። ፊታችን ታጥበን ሲወጠር «አሁን ጸዳ» እንላለን፤ መወጠሩ ግን ወዙ ከሚገባው በላይ ተሟጦ መሄዱን ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለ ፊት ተጨማሪ መፋቅ አያስፈልገውም፤ ሲፋቅ ነው የዋለው።

ጠርሙሱን መግዛት ያልቻለው ደግሞ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ስኳር በሎሚ፣ የቡና አተላ፣ ጨው። «ተፈጥሯዊ ነው» ይባላል። ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ የሆነ አሲድ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቃጥልና ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የኛ ዓይነት ጠይምና ጥቁር ቆዳ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፣ በተቆጣ ወይም በተቧጨረ ቁጥር ቦታው ይጠቁራል። ማዲያት ያለባት ሴት ማዲያቷን ለማስለቀቅ ስትፍቅ የምታጠቁረው ለዚህ ነው። አያቶቻችንም ሸካራ ድንጋይ ነበራቸው እኮ፤ ግን ለተረከዝ ነበር። ፊታቸው ላይ ሲያደርጉት ያየ ያለ አይመስለኝም።

ከስክራቡ የሚብሰው ማቅያ ክሬሙ ነው። ሜካፕ መስሎ የሚሸጠው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል አለ፤ ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መወሰድ ያለበት ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ይጠራል፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ይወጣል፤ ልተወው ሲሉ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ኮስሞቲክስን መቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ ሥራ ነው። አዋጁ አለ፤ የገጠር ገበያ ላይ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠውን ሰው ግን አዋጁ አይደርስበትም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ጥሩ ክሌንዘር በተወደደ ቁጥር መለያ የሌለው ርካሹ ነው የሚሸመተው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ አሰልቺ መልስ ነው ያለኝ። ማታ አንዴ በለዘበ የገላ ሳሙና፣ በጣት ብቻ፣ ሳይፈትጉ መታጠብ። ፊቱ ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን፣ ብጉር የሚበዛበት ሰው ደግሞ ቀለል ያለ ሎሽን። ጠዋት ውኃ ብቻ ይበቃል። ቀን ኮፍያ ወይም ጥላ፤ ማዲያት ላለበት ሰው ከየትኛውም ክሬም ይልቅ ገንዘቡ የሚያዋጣው የፀሐይ መከላከያ ላይ ነው። በቃ።

አሁን ወደዚያ ሌላው ፊት ልምጣ። ኢኮኖሚክስ ስንማር አንዳንድ ዕቃ ጥቅሙ ለገዢው ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ግን ለጎረቤትም እንደሚተርፍ ተነግሮናል። የኔ ስክራብ የሚጠቅመው፣ ከጠቀመ፣ እኔን ነው። የታናሽ ወንድሜ ፊት መታጠብ ግን የሚጠቅመው ቀበሌውን ነው። ምክንያቱም ትራኮማ።

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን በሽታ ነው። ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚሄደው በአይናርና በንፍጥ፣ በእጅ፣ ሁላችንም ፊት በምንጠርግበት በዚያው የነጠላ ጫፍ፣ እንዲሁም ፊት ላይ በምታርፍ ዝንብ ነው። ዝንቧ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ልጅ ሆኖ ደጋግሞ የተያዘ ሰው በጉልምስናው የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ጠባሳ ይሆንና የዓይን ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን መቧጨር ይጀምራል። በየገጠሩ እናቶች በወረንጦ የዓይን ፀጉራቸውን ሲነቅሉ ያያችሁ ሁሉ ያያችሁት ይሄንን ነው። ሴቶች በትራኮማ የሚታወሩበት መጠን ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ የካርተር ማዕከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሥራ ሲጀምር ደቡብ ጎንደር ከመጀመሪያዎቹ አካባቢዎች መካከል ነበር። ከዚያ ኅዳር 2001 ዓ.ም. ላይ የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀመረ። ከናንተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቁመታችሁ በዱላ ተለክቶ፣ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠውን ዚትሮማክስ ትውጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ዘዴ አራት ነገር ይዟል፦ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽህና እና የአካባቢ ንጽህና። ከአራቱ ክኒኑ በኮንቴይነር ይመጣል። ፊትን ማጠብ ግን በኮንቴይነር አይመጣም። ከዓመታት የክኒን ዕደላ በኋላም በብዙ የክልሉ ወረዳዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው በሽታ ከተቀመጠው የ5 በመቶ ጣሪያ በታች አልወረደም።

እዚህ ላይ «እናቶች ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው» የሚለው ንግግር ይመጣል። እኔ አልቀበለውም። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ በሴት ወይም በልጅ ጀርባ ነው የሚመጣው። ከዚያ ውስጥ መጠጥ፣ ወጥ፣ ሊጥ፣ ከብት ይከፈላል። ፊት መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ ስሌት ነው እንጂ ድንቁርና አይደለም። የሚያስቆጨው ግን የሕፃን ፊት ለማጠብ ግማሽ ጣሳ የሚበቃ መሆኑ ነው። ሥሯ የተበሳች ጣሳ በገመድ ሰቅሎ ውኃዋን በቀጭኑ ማስፈሰስ ይቻላል፤ ዋጋዋ ምንም ነው። ልጅቷ በቲክቶክ ቪዲዮ ውስጥ በአንድ ጠዋት ያፈሰሰችው ውኃ የአንድ መንደር ሕፃናትን ፊት ሳያጥብ አይቀርም።

ነገሩ ቀላል ነው ብዬ ልሸጥላችሁ ግን አልፈልግም። ጎረቤታችን ዋግ ኽምራ ውስጥ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ መንደሮች የውኃ ነጥብ ሠርተው፣ ሳሙና ሰጥተው፣ የንጽህና ትምህርት አስተምረው፣ ለሦስት ዓመት ሌሎቹ ጋር አስተያይተዋል። የዓይን ኢንፌክሽኑ አልቀነሰም። ይህን ውጤት ይዞ «እንግዲህ ውኃ ጥቅም የለውም» የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም፤ ውኃ ለተቅማጥም፣ ለሴት ልጅ ጊዜም፣ ለሰው ክብርም ነው። የሚነግረን ግን አንድ ቦኖ ተክሎ ሪባን መቁረጥ እንደማይበቃ ነው። ውኃው ዓመቱን ሙሉ መኖር አለበት፣ ሕፃኑ የሚውልበት ቦታ ድረስ መቅረብ አለበት፣ ከሽንት ቤቱና ከክኒኑ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ለዚህ ነው ገበያው አይሠራውም የምለው። ስክራብ ሻጭ ወገዳ ድረስ መንገዱን ያገኛል። የሕፃን ፊት አጥቦ የሚያተርፍ ነጋዴ ግን የለም፣ ስለዚህ ሥራው የመንግሥት በጀት ነው።

የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ እንዲነበብልን የምፈልገው ሦስት ቁጥር ነው። ስንት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ውኃ አለ? ስንት የውኃ ነጥብ ተበላሽቶ ቆሟል? ለጥገና የተያዘው ብር ስንት ነው? ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው። የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ቧንቧ ፎቶ አንሱና ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶው በሚያዝያ የተነሳ ይሁን እንጂ፤ በነሐሴማ ሁሉም ምንጭ ይፈሳል።