በዓመት አንድ ሳምንት መግዛት ያዋጣናል ወይ?

ከናይሮቢ፣ ከሞምባሳና ከዱባይ የሚመለሱ ነጋዴዎቻችን በዚህ ሰሞን ከዕቃው ጋር አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ታይምሼር የሚሉት ነገር ያዋጣል ወይ?» ምሳ ተጋብዘው ማብራሪያ የሰሙ አሉ፤ የስጦታ ኩፖን ይዘው የመጡ አሉ፤ «አምስት ሆነን አንድ እንግዛ» የሚል ሐሳብ ያነሡም አሉ። ስለዚህ የምናስበውን በግልጽ እንጻፍ። ድንበር እየተሻገርን ለምንነግድ ለእኛ፣ ከሻጩ እጅ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ታይምሼር አያዋጣም። ነጋዴ ግን «አያዋጣም» ስለተባለ ብቻ አያምንም፤ ሒሳቡን ማየት አለበት።

ነገሩ ምንድን ነው?

ታይምሼር አንድን የሪዞርት ክፍል ብዙ ሰዎች በጊዜ ተከፋፍለው የሚጠቀሙበት ውል ነው። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ ባለ ሪዞርቱ አንዱን ክፍል ሳምንት በሳምንት ቆርሶ ለብዙ ገዢ ይሸጠዋል። ሐሳቡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተጀመረ። በ1974 ደግሞ አር ሲ አይ የሚባለው የመለዋወጫ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ «የሞምባሳውን ሳምንት ሰጥታችሁ የስፔኑን ትወስዳላችሁ» የሚለው ቃል የሽያጩ ዋና ማባበያ ሆነ።

ዓይነቱ ሦስት ነው። አንደኛው ቋሚ ሳምንት ነው፤ በየዓመቱ ያው ሳምንት የእናንተ ነው። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ሳምንት ነው፤ ከተፈቀደው ወቅት ውስጥ ቀድሞ ያስያዘ ይወስዳል። ሦስተኛው በነጥብ የሚሠራው ነው፤ በየዓመቱ ነጥብ ይሰጣችኋል፣ በነጥቡ ክፍል ታስይዛላችሁ፤ ተፈላጊ ወቅት ብዙ ነጥብ ይበላል።

የምትገዙት ምን እንደሆነም ለዩ። አንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የተመዘገበ የባለቤትነት ሰነድ የሚሰጥበት አለ። በብዙ ቦታ ግን የሚሸጠው ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግድግዳውም አልጋውም የባለ ሪዞርቱ ነው። «ቤት ገዛሁ» ብሎ ለዘመድ ከመናገር በፊት ውሉ ላይ «መጠቀም» ነው ወይስ «ባለቤትነት» የሚለው ብሎ ማየት ይገባል።

ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ስንት ነው?

እኛ የዕቃን ዋጋ በፋብሪካ ዋጋው አናሰላም። ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ የጫኝ አውራጁ፣ የመጋዘኑ ተደምሮ መደብር ሲደርስ ስንት ሆነ እንላለን። ታይምሼርንም እንዲሁ እናሰላው። ቁጥሩ የእኛ ምሳሌ ነው፤ እናንተ የተነገራችሁን አስገቡበት።

የመግዣው ዋጋ 6,000 ዶላር፣ የመጠቀሚያው ዘመን 20 ዓመት፣ ዓመታዊው የእንክብካቤ ክፍያ 400 ዶላር ይሁን። ሻጩ ወረቀቱ ላይ 6,000ን ለ20 አካፍሎ «በሳምንት 300 ዶላር ብቻ» ይላችኋል። ዓመታዊው ክፍያ ሲጨመር 700 ሆነ። ይህ ክፍያ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ውሎቹ ክፍያውን የመጨመር መብት ለአስተዳዳሪው ይሰጣሉ። በዓመት 5 በመቶ ቢጨምር የ20 ዓመቱ ክፍያ ወደ 13,200 ዶላር ይደርሳል። ከመግዣው ጋር 19,200 ነው። ለአንድ ሳምንት ሲካፈል 960 ዶላር ያህል ይመጣል።

ለሻጩም እንፍረድ። ዛሬ በሳምንት 700 ዶላር የሚከፈልበት ሆቴልም በዓመት 5 በመቶ ቢጨምር በ20 ዓመት 23,100 ዶላር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሃያውንም ዓመት አንድም ሳታጓድሉ ከሄዳችሁ ታይምሼሩ በወረቀት ላይ ረከሰ። ሻጩ ይህን ሲያሳያችሁ አልዋሸም። የተዋቸው ነገሮች ግን ሁለት ናቸው።

አንደኛ፣ የሄድንበት ዓመት ሁሉ አይደለም የሚከፈለው፤ ያልሄድንበትም ይከፈላል። ልጅ ታመመ፣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ልቅሶ ሆነ፤ ሆቴሉ ቢቀር ወጪ የለም፤ የታይምሼሩ ክፍያ ግን አይቀርም። በሁለት ዓመት አንዴ ብንሄድ የሆቴሉ ወጪ ወደ 11,500 ይወርዳል፣ የታይምሼሩ 19,200 ላይ ይቆማል። ከመካከላችን ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ሳታጓድል እረፍት የወጣች ነጋዴ ካለች እጇን ታውጣ።

ሁለተኛ፣ 6,000 ዶላር ለደሞዝተኛ ቁጠባ ነው፣ ለነጋዴ ግን ሠራተኛ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢዞርና በአንድ ዙር 8 በመቶ የተጣራ ትርፍ ቢያመጣ 960 ዶላር ነው። በዚያ ትርፍ የ700 ዶላሩን ሳምንት አርፈን 260 ይተርፈናል፤ ዋናው ገንዘብም መደርደሪያችን ላይ ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህን ዓይነቱን ነው።

ብርና ዶላር

ውሉ በዶላር ነው፣ የብዙዎቻችን ገቢ ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 22,800 ብር የነበረው የ400 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ከ40,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ሪዞርቱ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር! ዕቃ ስናመጣ ዶላር ቢወደድ የመሸጫ ዋጋችንን እናስተካክላለን። እረፍታችንን ግን ለማን አስወድደን እንሸጠዋለን? ለሃያ ዓመት የዶላር ዕዳ ከመፈረማችን በፊት ይህን ማሰብ አለብን።

የእኛ ወቅትና የባሕሩ ወቅት

የእኛ ገበያ የሚደምቀው ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ነው። ያን ጊዜ መደብር ጥሎ የሚሄድ የለም። ትንሽ የምንተነፍሰው ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። በኬንያ ጠረፍ ደግሞ ያ ወቅት የረጅሙ ዝናብ ጊዜ ነው። ዱባይ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። በተንቀሳቃሽ ሳምንት የገዛ ሰው ታኅሣሥን ሲጠይቅ «ተይዟል» ይባላል፤ ግንቦትን ሲጠይቅ ክፍሉ ክፍት ነው፤ ሰማዩ ግን ዝግ ነው። በዝናቡ ወቅት ያው ሪዞርት ለመንገደኛ ሁሉ በቅናሽ ይከራያል። በቅናሽ የሚገኘውን በሙሉ ዋጋ አስቀድሞ መግዛት ምን ይባላል?

ስለ መለዋወጡም እንናገር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሪዞርቶች ዝርዝር ያሳዩናል። የመለዋወጫ ድርጅቱ የአባልነትና የልውውጥ ክፍያ እንደሚጠይቅ ቀስ ብለው ይጠቅሱታል። የእኛን ፓስፖርት ግን አይጠቅሱትም። የስፔኑ ሳምንት ቢገኝ እንኳ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ብቻ ከ2024 ሰኔ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ለጀርመናዊው ገዢ እውነተኛ የሆነው የዓለም ካርታ ለእኛ ግማሹ ሥዕል ነው።

ምሳው

አሻሻጡን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የገበያ አዳራሽ ውስጥ ፍቀው የሚያዩት ካርድ ይሰጣችኋል፣ ሁልጊዜም አሸናፊ ናችሁ። ስጦታው የሚሰጠው ማብራሪያውን ከሰማችሁ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የተባለው ከሰዓት በኋላውን ይበላል። ባልና ሚስት አብረው እንዲመጡ ይፈለጋል፤ «ቤት ሄጄ ላማክር» የሚለው መውጫ እንዲዘጋ። 15,000 ዶላር ይባላል፣ እምቢ ሲባል «ሥራ አስኪያጁን ልጥራ» ይባላል፣ 9,000 ይሆናል፣ ቦርሳ ሲነሣ 6,000 ይሆናል፤ «ግን ለዛሬ ብቻ»።

እዚህ ላይ የመርካቶ ልጅ መሆን ይጠቅማል። ከወንበር እስክንነሣ ድረስ ከግማሽ በታች የሚወርድ ዋጋ መጀመሪያም ዋጋ አልነበረም። ነገ የማይሠራ ዋጋ ደግሞ ዛሬም አይሠራም። በአማርኛ ደላላ፣ በስዋሂሊ ዳላሊ፣ በዓረብኛ ደላል እንላለን፤ ከሦስቱም ጋር ተደራድረን ዕቃ ያመጣን ሰዎች በአንድ ምሳ መሸነፍ የለብንም።

ሻጩ የሚነካው ስፍራ ግን እውነተኛ መሆኑን እናምናለን። «መቼ ነው ያረፍሽው?» ሲላት መልስ የምታጣ ነጋዴ ብዙ ናት። በሞያሌ መንገድ ሌሊቱን በአውቶቡስ አድራ፣ ጠዋት ኢስሊ ዕቃ መርጣ፣ በማግሥቱ የምትመለስ ሴት እረፍት ፈለገች ተብላ አይፈረድባትም። የምንቃወመው ዋጋውንና ውሉን ነው።

የፈረመ ምን ያድርግ?

የፈረማችሁ ካላችሁ ቀኑን ቁጠሩ። በ2012 የወጣው የኬንያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ስለ ታይምሼር ለብቻው ይናገራል፤ ሸማቹ የጽሑፍ ውሉን ከተቀበለ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን መሰረዝ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልም ክልክል ነው። በአሜሪካ እንደ ግዛቱ ይለያያል፣ ፍሎሪዳ 10 ቀን ይሰጣል። ስረዛውን በስልክ አትናገሩ፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ የላካችሁበትን ማስረጃም ያዙ። ከመፈረም በፊት ደግሞ ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ ጠይቁ፤ ናይሮቢ ተፈርሞ ክርክሩ በሌላ ባሕር ማዶ የሚታይ ውል አለ።

ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ወጥመድ ይመጣል። «ገዢ አግኝተንልሃል፣ መጀመሪያ የማስተላለፊያ ክፍያ ላክ» የሚል ስልክ ይደወላል። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ማጭበርበር ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ታይምሼር መልሶ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛበት ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ አሜሪካ ውስጥ ከዓመታዊው ክፍያ ለመገላገል ብቻ በአንድ ዶላር የሚያቀርቡ ባለቤቶች አሉ። እንደ ወርቅ ወይም እንደ መኪና በክፉ ቀን የሚሸጥ ንብረት አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ለማን ያዋጣል?

ለሚያዋጣውም ሰው አለ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት እረፍት በየዓመቱ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ኦርላንዶ ወይም ዊሊያምስበርግ በየዓመቱ የሚሄዱ ዘመዶች፣ ከሌላ ሰው እጅ በርካሽ፣ በጥሬ ገንዘብ ከገዙ ይጠቀሙበት ይሆናል። ገቢያቸውም ወጪያቸውም በዶላር ነው፣ ቪዛም አያስፈልጋቸውም። የእኛ ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም።

አምስት ሆነን ብንገዛስ?

ይህ ሐሳብ ከእቁብ ልማዳችን የመጣ ነው፣ መንፈሱን እንወደዋለን። ነገር ግን እቁብ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ማለቂያም አለው። በታይምሼር ውል ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ለሃያ ዓመት ተጠያቂ ነው። አንዷ ብትታመም፣ አንዷ ንግድ ብትተው፣ የእሷን ድርሻ የምትከፍለው ስሟ ያለባት ናት። የታኅሣሥን ሳምንት ማን ይውሰድ በሚል የሚነሣው ቅያሜ ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል። ለኩፖን ብላችሁም ጓደኛችሁን ወደ ምሳው አትውሰዱ። በዱቤ ዕቃ የምንሰጣጣው፣ ገንዘብ በእጅ የምንላላከው በመተማመን ነው፤ ያ መተማመን በአንድ የሆቴል ራት አይለወጥም።

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። እኛን ከእረፍት የከለከለን የአልጋ እጦት አይደለም፤ መደብሩን የሚጠብቅና ልጆቹን የሚያይ ሰው እጦት ነው። ይህን ታይምሼር አይፈታውም፣ እኛ ግን እንፈታዋለን። አሥራ ሁለት ሆነን የእረፍት እቁብ እንጀምር፤ በየወሩ በብር እንጣል፣ ዕጣ የደረሳት ሐዋሳም ትሂድ ቢሾፍቱም፣ ከቻለችም ሞምባሳ። በዚያ ሳምንት መደብሯን ባለፈው ወር ያረፈችው ትጠብቅላት። ብሩ ቢረክስ መዋጮውን እናስተካክላለን፤ አንዷ መሄድ ባትችል ዕጣዋን ትቀያየራለች። ከመስቀል በፊት ስድስት ሰው ከተመዘገበ የቀረውን ስድስት ማግኘት አይከብድም። የምትፈልጉ ስማችሁንና መሄድ የሚመቻችሁን ወር ላኩልን።