ይድረስ የእናቴን እግር ለምታስረው ፋሻ

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናዬ ይድረስህ። የምጽፍልህ በእናቴም ስም ጭምር ነው፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ የምትለው ግን ሞልቷታል።

እግሯ ያበጠው በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኳን በባዶ እግሯ ስትሠራ ኖራ ነው። አንዱ እርግማን ነው አለ፤ ሌላው ደንቃራ ተሻግራ ነው አለ፤ ይጋባል ብሎ ከአጠገቧ የሚሸሽም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ይህን በሽታ ከአፈሩ ጋር አያይዘው አጥንተው ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ዘልቀው ፈሳሹን ወደ ላይ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቆስላሉ፣ ይደፍናሉ፤ ፈሳሹም እታች ይቀራል። አፈሩን የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለበት። ከሰው ወደ ሰው ግን ፈጽሞ አይተላለፍም። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገመታል።

የአንተ ሥራ እዚህ ይጀምራል። ብዙ የማትለጠጥ መሆንህ ትልቁ ጥቅምህ ነው። እናቴ ስትቀመጥ አታስጨንቃትም፤ ስትራመድ ግን የባቷ ጡንቻ ሲወጠር አንተ አትለቅለትም፣ በመካከል ያለው ፈሳሽም መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ይሆናል። ላም አላቢ ወተቱን እየጨመቀ እንደሚያወርድ ሁሉ፣ አንተና ጡንቻዋ ያንን ፈሳሽ ወደ ላይ ታልቡታላችሁ። ለዚህ ነው ታስራ ከተቀመጠች ይልቅ ታስራ የሄደች ቀን እግሯ የሚቀልላት።

ብቻህን እንዳልሆንክም አውቃለሁ። እናቴ መጀመሪያ እግሯን በሳሙና ታጥባ፣ በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ትነክራለች፤ ከዚያ የጣቶቿን መሃል ሳይቀር አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች። አንተ የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከጣቶቿ ሥር ተነስተህ ከጉልበቷ በታች እስካለው ድረስ ትወጣለህ፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየላላህ። ጣቷ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ትፈታለህ። አልፎ አልፎ እግሯን እያጋለ የሚመጣው ትኩሳት ሲነሳባትም አትታሰርም። ወደ እግሩ የሚወርደው የደም ቧንቧ የጠበበበት ወይም ልቡ የደከመ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አንተን እንዳይነካ እናቴን የምታክማት የጤና ባለሙያ ደጋግማ ነግራናለች፤ እኔም ለሰማ ሁሉ እናገራለሁ።

የትኩሳቱን ነገር ያላየ አያውቀውም። ብርድ ብርድ ይላል፣ እግሩ ይግላል፣ ሰው ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ማጠቡ፣ ቅባቱ፣ አንተ፣ ካልሲውና ጫማው አንድ ላይ የተሰጣቸው ሰዎች ይህ ትኩሳት በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ተነሳባቸው፤ ገና ያልተሰጣቸው ደግሞ 24 ጊዜ ያህል። የአምስት ጊዜ ልዩነት ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ይኖር ይሆናል። አምስት ጊዜ ግን በአረም ወይም በአጨዳ ወራት ቢመጣ የአንድ ቤት የዓመት እህል ነው።

ከሁሉ የማመሰግንህ ግን ለሌላ ነገር ነው። አንተን ለማሰር ሰው መንበርከክ አለበት፤ እግሯን በእጁ መንካት አለበት። ያቺ የጤና ባለሙያ ሳትጸየፍ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠመጥምህ እናቴ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ትደርሳለች፤ ማኅበሯን ትጠጣለች፤ ገበያ ትወጣለች። ወላይታ ውስጥ ታክመው የተሻላቸው ሕሙማን ራሳቸው ሌላውን ማከም ተምረው ሲሠሩ መቆየታቸውን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የታመመውን እግር ከእነሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

እብጠቱን ነቅለህ አታጠፋውም፤ አንድ ቀን ከቀረህ ተመልሶ ይመጣል። በየቀኑ ስለምትታጠብና ስለምትጠመጠም ደግሞ ቶሎ ታረጃለህ፣ ትላላለህ። ገዝቶ መተካት የማይችል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የለጋሾች እርዳታ ሲቋረጥም ሕክምናው አብሮ ይቋረጣል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምታነቡ የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ ፋሻና ካልሲ በየጤና ጣቢያው እንደ ማንኛውም መድኃኒት በመደበኛ በጀት ይግቡ። እናንተም አንባብያን፣ በሰፈራችሁ በእግሩ እብጠት አፍሮ ቤት የዋለ ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። ቀይ አፈር ላይ የሚያድጉ ልጆቻችሁንም ዛሬውኑ ጫማ አድርጉላቸው።