የፈረስ ሞትና የሕዋስ በር

የክረምቱ ዝናም አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያሸበርቅና ገበሬው እሸት በተስፋ ሲጠባበቅ፣ በዚያው ወራት ከረግረጉና ከእበቱ የሚፈለፈለው ረቂቅ ትንኝ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ የፈረስ ደም መምጠጥ ይጀምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቢሾፍቱ አጠገብ አንድ ባለ ጋሪ ማለዳ ከጋጣው እየሳበ ያወጣውን ዳማ ፈረስ ቆሜ አይቻለሁ። ከዓይኑ በላይ ያለው፣ በጤነኛ ፈረስ ላይ ጎድጎድ ብሎ የሚታየው ሥፍራ አብጦ ተሞልቶ ነበር፤ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ አየር ሲሻ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነሣና ይወድቃል፤ ከአፍንጫውም ነጭ አረፋ ይወርዳል። ሰውየው በጋቢው ጫፍ ይጠርግለታል፣ አረፋው ተመልሶ ይወጣል። «ትናንት እኮ ገብሱን ጨርሶ ነው ያደረ» አለኝ። ቀትር ሳይሆን ፈረሱ ወደቀ።

ይህ ደዌ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ይባላል። በደቡብ አፍሪካ ከ1854 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ 70,000 ያህል ፈረሶች አልቀውበታል፤ መንሥኤውም እጅግ ደቃቅ በሆነ ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር፣ ማለት ቫይረስ፣ መሆኑ በ1900 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ያልተከተቡ ፈረሶችን ቢይዝ ብዙዎቹን ይገድላል፤ በበቅሎ ላይ ይቀንሳል፤ አህያ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች፤ የሜዳ አህያ ግን ሳይታመም በደሙ ተሸክሞት ይዞራል።

ስለዚህ ቫይረስ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሞቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በፈረሱ ሕዋስ ውስጥ የሚያደርገውን ያነበብሁ ዕለት፣ እንዲህ ያለው ዕውቀት ለእኛ የቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች እንደ ተሳሳቱ ስለ ገባኝ ነው። ቫይረሱ ሁለንተናው 10 ቁራጭ የአርኤንኤ ክርና በ7 ዓይነት ፕሮቲኖች የተሠራ ልብስ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራበት ምድጃ ግን የለውም፤ ዘሩን ለማብዛት የግድ ወደ ሌላ ፍጥረት ሕዋስ መግባት አለበት። በውጭ ካባው ላይ ያለው ቪፒ 2 የተባለው ፕሮቲን ከሕዋሱ ገጽ ጋር ይያያዛል፤ ሕዋሱም እንግዳውን በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በከረጢቱ ውስጥ አሲዱ ሲበረታ ካባው ይወልቃል፣ ቪፒ 5 የከረጢቱን ግድግዳ ይበሳል፣ እምብርቱም ወደ ሕዋሱ ገላ ይዘልቃል። ይህ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ የደም ሥርን ከውስጥ ከሚለብጡት አንዱ ነው፤ እነዚያ በተጎዱ ጊዜ የደም ሥሩ ውኃ ያፈሳል፣ ውኃውም ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ በጋቢ ጫፍ የተጠረገው አረፋ ከዚያ የመጣ ነው።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን የመውጫው ምሥጢር ነው። ሕዋስ ሁሉ ከገጹ ላይ ያረጁትን ፕሮቲኖች ለይቶ ወደ መፍረሻቸው የሚልክ፣ ቲኤስጂ 101 የሚባል ታማኝ አገልጋይ አለው፤ የጥንት ጸሐፊዎቻችን ቢያውቁት ዐቃቤ ኆኅት፣ ማለት በር ጠባቂ፣ ይሉት ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ፖሊ ሮይና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ የዚህ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ የሆነውና በጎችን የሚያጠቃው የብሉታንግ ቫይረስ፣ ኤንኤስ 3 በተባለው ፕሮቲኑ ላይ ባሉት አራት ተከታታይ ፊደላት፣ ማለት በፕሮሊን፣ በሴሪን፣ በአላኒንና ዳግመኛ በፕሮሊን፣ ይህን አገልጋይ ይይዛል፤ ይህም ከሕዋሱ ለመውጣት ይረዳዋል። አገልጋዩ በተቀነሰባቸው ሕዋሳት የብሉታንግ ቫይረስ መውጣት እስከ አምስት እጥፍ፣ የፈረሱ ቫይረስ ደግሞ እስከ ሦስት እጥፍ ቀነሰ። ከዚህም በላይ የብሉታንጉ ኤንኤስ 3 የዝንብን ቲኤስጂ 101 ከአጥቢ እንስሳው ባልተናነሰ ኃይል ይይዛል፤ በትንኝና በእንስሳ መካከል ለሚመላለስ ፍጥረት ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅመው አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የኤድስ ቫይረስም ከሰው ሕዋስ ሲወጣ የሚይዘው ይህንኑ አገልጋይ ነው።

የተግባር ሰዎች «ይህ ሁሉ ለባለ ጋሪው ምን ይፈይዳል?» ይሉኛል። መልሱ በ2015 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ መጥቷል፤ በዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ለመውጣት የሚረዳው ኤንኤስ 3 የሌለውን የፈረስ ቫይረስ ሠርተው፣ ቪፒ 2ንም እንደየዓይነቱ እየለዋወጡ፣ ለአዲስ ክትባት የሚሆን ዕጩ አቀረቡ። ኔዘርላንድ ግን ይህ በሽታ ያልደረሰባት አገር ናት፤ በሽታው ቤቱን ሠርቶ የኖረው በእኛ ዘንድ ነው። ነገሥታቱን በፈረስ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ የጠራ፣ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ የሚያይ ሕዝብ፣ የፈረሱን ገዳይ ለመመርመር ከሌላው ወደ ኋላ መቅረቱ እኔን ያሳዝነኛል።

በቢሾፍቱ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጅ ብሔራዊ ተቋም አለን፤ ውለታውም ብዙ ነው። ዳሩ ግን ቫይረሱ 9 ዓይነት ሲሆን፣ እዚያ ሲዘጋጅ የኖረው ክትባት 9ኛውን ዓይነት የሚመለከት ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በሀገራችን ወረርሽኝ ያስነሡት ዓይነቶች ብዙ መሆናቸውን ገልጿል። በአንዱ ዓይነት የተከተበ ፈረስ በሌላው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም፤ ፈረሱ ገና በትኩሳት ላይ ሳለ ደሙን የሚቀዳ የወረዳ የእንስሳት ሐኪም፣ ደሙን በበረዶ ይዞ በዚያው ዕለት የሚያደርስ መኪና፣ ዓይነቱን ለይቶ በየዓመቱ የሚያስታውቅ ቤተ ሙከራ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችንም የእኛኑ ቫይረስ በእኛው ፈረስ ሕዋስ ላይ እንዲያጠኑ ጊዜና ደመወዝ የሚሰጣቸው ጥቂት ወጣቶች ይኑሩን እላለሁ።

የዚያ የዳማ ፈረስ ደም አልተቀዳም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ተሰብስበው በገመድ እየጎተቱ ወደ ገደሉ ወሰዱት፤ ከ9ኙ ዓይነት የትኛው እንደ ገደለውም ሳይታወቅ ቀረ።