መሬት ቤትን ሲከዳ

«መሬት ከዳው» የሚለው አባባላችን አንዳንድ ጊዜ ቃል በቃል እውነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ዊንተር ፓርክ በተባለች ከተማ፣ 100 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ተከፍቶ መኖሪያ ቤትና መኪኖችን ውጧል። በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ሰው በመኝታ ክፍሉ እንደተኛ ወለሉ ተደርምሶ መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ይህን የሰማ የሰቆጣ ወይም የሰሃላ ነዋሪ «የእኛ አገር ድንጋይ ነው፤ ምን ያሰጋናል?» ቢል አይፈረድበትም። አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ቀሪው ግማሽ ነው።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን እንይ። የፍሎሪዳው ዓይነት የመሬት መስመጥ የሚከሰተው በዋናነት የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ በሺህ ዓመታት ውስጥ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ ያበጃል። በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ የዚሁ ሂደት ውጤት ነው። ከዋግ በስተሰሜን በትግራይም አንታሎ የሚባለው የኖራ ድንጋይ በሰፊው ይገኛል። የዋግ ደጋ ግን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በባዛልት፣ የተሸፈነ ነው። ባዛልት እንደ ኖራ ድንጋይ አይሟሟም።

ታዲያ ቀሪው ግማሽ የቱ ነው? መልሱን ጓቴማላ ከተማ ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2010 አጋታ የተባለው ማዕበል ከባድ ዝናብ ባወረደበት ወቅት 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ተከፍቶ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ዋጠ። ከተማዋ የተሠራችው በኖራ ድንጋይ ላይ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ አመድና ልል ድንጋይ ላይ እንጂ። ጉድጓዱን ያበጀው ውሃ ነበር፤ ድንጋይን እያሟሟ ሳይሆን ልሉን አፈር ውስጥ ለውስጥ እያጠበ። ለዚህም የፍሳሽ ቧንቧ መሰንጠቅ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ባለሙያዎች አስረድተዋል። እንግዲህ መሬት ለመክዳት የግድ ኖራ ድንጋይ አያስፈልገውም፤ ልል አፈር፣ የሚፈስ ውሃና አፈሩ ተጠርጎ የሚወጣበት ቀዳዳ ይበቁታል። ከባዛልቱ በላይ ያለው አፈራችን ደግሞ ሦስቱንም አያጣም። በቦረቦር ዳር የተመላለሰ ገበሬ ውሃ በአንድ ቀዳዳ ገብቶ ከታች በሌላ ሲወጣ አይቷል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ቢገባ መልካም ነው። ከታቹ ባዶ የሆነ አፈር ወዲያው የማይወድቀው ለምንድን ነው? የሐረርጌ ገበሬ እህል የሚያከማችበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ያለ አንድ ምሰሶ ይቆማል። በውጭ አገር ስማር ስለ ቅስት የሚሰጠውን ትምህርት የተከታተልኩት ይህን ጉድጓድ እያሰብኩ ነበር። ከላይ የሚመጣው ክብደት ወደ ጎን እየተላለፈ በዙሪያው ባለው አፈር ላይ ያርፋል። ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚያቆየው አንዱ ኃይል በመካከላቸው ያለችው ጥቂት እርጥበት ናት፤ የውሃው የገጽ ውጥረት ቅንጣት ከቅንጣት ይስባል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ግን ይህ ስበት ይጠፋል። ስለዚህ በጋውን ሙሉ የቆመ ጣሪያ በአንድ የሐምሌ ሌሊት ይደረመሳል። ባለቤቱ «ትናንት ደህና ነበር» ሲል አልዋሸም፤ ትናንትም ግን ከታች ባዶ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቀድሞ በሣር ወይም በአፈር የተከደነ ቤት ዝናቡን ከፊሉን ይመጠውና ቀስ ብሎ ይለቀው ነበር። ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አያስቀርም። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1,440 ሊትር ውሃ ይሰበስባል። ጣሪያው ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን፣ በየሜትሩ፣ 90 ሊትር ውሃ ከ2.5 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 7 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወርዳል። የሚወርደውም ከግድግዳው ሥር፣ ማለትም መሠረቱ ካረፈበት አፈር ላይ ነው። ቆርቆሮን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ለቆርቆሮ ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ ለአሸንዳ ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝነኛል። አሸንዳውን ከቆርቆሮው ጋር አብሮ እንደሚገዛ ዕቃ ያስለመደው የለም።

የመጸዳጃ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቤቱ መጸዳጃ እንዲቆፈር አድርጓል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ቦታ በጠበበበት ከተማ ጉድጓዱ ከግድግዳው ሥር ይቆፈራል። የጉድጓድ ጎን ሲናድ አብሮት የሚሄደው አፈር ወደ ላይ እየሰፋ የሚመጣ ሽብልቅ ነው፤ ስፋቱም እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ 3 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ከግድግዳው ከ3 ሜትር ባላነሰ መራቅ ይኖርበታል። ሲሞላም በልል አፈር ተሸፍኖ፣ ተረስቶ፣ በላዩ ክፍል የሚቀጠልበት ከሆነ አደጋው ለልጆች ተላለፈ ማለት ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ነበሩ። ናዳና መስመጥ በአሠራራቸው ይለያያሉ፤ ውሃ የጠገበ አፈር ኃይሉን ማጣቱ ግን ሁለቱንም ያገናኛል። የተከፈተ ጉድጓድ ጠርዝም እንደ ናዳው ሥፍራ ነው፤ ከበው የሚያዩትን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

መሬት አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይከዳም። በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ይላል፤ ግድግዳ እንደ ደረጃ ይሰነጠቃል፤ አጥር ያዘማል፤ ያቆረ ውሃ በአንድ ሌሊት ይሰርጋል፤ ከቁልቁለቱ በታች ያለው ምንጭ ይደፈርሳል። እነዚህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየቀበሌው አሉ፤ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲሸነሸን ግን የሚጠይቃቸው አይታይም። ቀያሹ ርዝመትና ስፋት ለክቶ ይሄዳል። ቤቱ ሲወድቅ ደግሞ «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ይመዘገባል፤ የተሰነጠቀው ቧንቧ፣ ያልተገጠመው አሸንዳና የተረሳው ጉድጓድ ከመዝገቡ ይወጣሉ። ይህን አመዘጋገብ አልቀበለውም።

የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ከመሬት በታች ያለ ባዶ ቦታ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ስለሚያግድ በአራት የብረት ዘንግ፣ በባትሪና በመለኪያ መሣሪያ ሊጠረጠር ይችላል። መርሁ ለሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ አይከብድም። ከዋግ የመጡ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ከሩቅ አገር መጽሔት እየተዋሱ ይመጡብናል፤ ሰቆጣ ላይ ሊሸነሸን የታሰበ አንድ መስክ በየ5 ሜትሩ ለክቶ ካርታውን ለማዘጋጃ ቤቱ ማስረከብ ግን ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ልኬቱ በበጋ ተጠናቅቆ፣ ካርታው የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ በፊት በመሐንዲሱ እጅ መግባት ይኖርበታል።