ወረዳው ፈቀደ፤ እናታችንስ ፈቀዱ?



ቀበና ውስጥ የሶደቃ ሥርጭት ልንቀርጽ ስንል ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ እናወጣለን። ተገቢ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው መንገዱን እንጂ የእናትን ፊት አይፈቅድልንም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተደረገ ነገር ፈቃድ ባያስፈልግም ይላል፤ ጓዳ ግን አደባባይ አይደለም። ሱረቱ አን-ኑርም በ27ኛው አንቀጽ ሳናስፈቅድ ሰው ቤት እንዳንገባ ያዘናል። በካሜራ መግባትስ መግባት አይደል?

ዱቄትና ዘይት ይዘን ቆመን «እንቅረጽዎት?» ብንላቸው እንዴት እምቢ ይላሉ? ስለዚህ መጀመሪያ እንስጥ፤ ከዚያ እንጠይቅ፤ ካመነቱ ካሜራውን ወደ ቦርሳው እንመልስ።

አላህ ሥራችንን ከይዩልኝ ይጠብቅልን። አሚን!